የመንገዱ ግራ ጎን

አስተማሪዋ ፈተናውን መውደቅ የጀመረችው መኪናው ገና ከቆመበት ሳይነሳ ነው። ፍሬቻ ላሳይ ብላ የለመደችውን ዘንግ ብትነካ የመስተዋቱ መጥረጊያ ተነስቶ ደረቁን መስተዋት ይፍቀው ጀመር። ሰማዩ ላይ የጭብጥ ያህል ደመና አልነበረም። ማርሽ ልለውጥ ብላ ቀኝ እጇን ብትሰድ በሩን መታችው። አደባባዩ ጋ ስትደርስ ደግሞ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ለተማሪዎቿ «በዚህ በኩል ግቡ» ስትል በኖረችበት በኩል ገባችና ከዳቦ ማመላለሻ መኪና ጋር አፍንጫ ለአፍንጫ ገጠመች። ፍሬን የያዘችው ራሷ ናት። ፈታኙ እግሩን ወለሉ ላይ ተክሎ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር።

«እናቴ፣» አለ ዓይኑን ሲገልጥ፣ «ከዚህ በኋላ እኔ ብነዳት ይሻላል መሰለኝ።»

ቢቆጣት ይቀላት ነበር። እሷ በጉልምስናዋ ዘመን ተማሪ ላይ ስትጮህ ሦስት ቤት ድረስ ይሰማ ነበር። ይህ ልጅ ግን ትሑት ነው፤ መኪናውን ወደ ግቢው መልሶ፣ በሩን ከፍቶላት፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የነገራት።

«አንድ ዕድል ይቀርዎታል። በወሩ መጨረሻ ይመለሱ። ያኔም ካልሆነ የማስተማር ፈቃዱን እንረከባለን። ደንቡ ነው፤ እኔ አይደለሁም።»

የማስተማር ፈቃዱ ማለት ደጃፏ ላይ የተሰቀለው የቆርቆሮ ሰሌዳ ማለት ነው። ሰሌዳው ላይ ቅንድብ ያላት ትንሽ መኪና ተሥላለች፤ ከሥሯ የመንጃ ትምህርት ቤት ይላል። የከተማው ሾፌር ግማሹ ከዚያ ሰሌዳ ሥር ነው የወጣው። ተማሪዎቿ «እትዬ ፍሬን» ይሏታል፤ ከአፏ የሚወጣው የመጀመሪያውም የመጨረሻውም ቃል እሱ ነውና። ሰሌዳው ከወረደ እሷም ከባሏ ጋር እቤት ልትውል ነው። ባሏ ደግሞ ሠላሳ ዓመት ሙሉ እቤት የዋለ ሰው ነው። ቤቱ አንድ ቤት የሚውል ሰው እንጂ ሁለት አይችልም።

እዚህ ላይ አንድ አገር ሙሉ እንዴት ከመንገዱ አንድ ጎን ወደ ሌላው ጎን እንደሚሻገር መናገር ያስፈልጋል።

የከተማው ሰው የውጭ መንግሥታትን በስማቸው አይጠራም። የሚጠራቸው ጥለውለት በሄዱት ዕቃ ነው። መጀመሪያ የመጡት እነ መንገድ ነበሩ። ኑ ያላቸው አልነበረም። ከማዕድን ማውጫው እስከ ወደቡ ድረስ አስፋልት ዘረጉ፤ አገራቸው በግራ ይነዱ ስለነበር እዚህም በግራ ነዱ። ሲሄዱ ማዕድኑን ይዘው፣ አስፋልቱንና ግራውን ትተው ሄዱ።

ከእነሱ በኋላ የመጣው መንግሥት አዲስ ወዳጅ ያዘ። ወዳጆቹ እነ አውቶቡስ ናቸው። ሦስት መቶ ሰማያዊ አውቶቡሶች በስጦታ ላኩ። አውቶቡሶቹ ከመርከብ ሲወርዱ የሁሉም በር በቀኝ በኩል ሆኖ ተገኘ። በግራ በሚነዳ አገር ተሳፋሪው በቀኝ በር ወረደ ማለት መንገድ መሐል ወረደ ማለት ነው። ኮሚቴ ተቀመጠ። ኮሚቴው ብዙ ሻይ ከጠጣ በኋላ፣ የሦስት መቶ አውቶቡስ በር ከማዞር አገሩን ማዞር ይቀላል አለ። ራዲዮው ግን ስለ በር አንድም ቀን አላወራም። «የገዢዎቻችንን ጎን ትተን በራሳችን ጎን እንጓዛለን» ነበር የሚለው። አንድ እሑድ ጠዋት አገሩ በሙሉ ወደ ቀኝ ተሻገረ።

ከብዙ ዓመት በኋላ እነ አውቶቡስ እርስ በርሳቸው ተጣሉና ተበታተኑ። መለዋወጫ መምጣቱ ቀረ። አውቶቡሶቹ አንድ በአንድ ወድቀው ግማሾቹ ሱቅ፣ ግማሾቹ የዶሮ ቤት ሆኑ። አንዱ አሁንም ፀጉር ቤት ነው፤ ከኋላ ወንበር የተቀመጠ ወረፋ ይጠብቃል።

በመጨረሻ እነ ድልድይ መጡ። በድንበሩ ወንዝ ላይ እስከዛሬ ያልታየ ድልድይ ሠሩ። ጎረቤት አገር አውቶቡስ የሰጣት ባለመኖሩ እንደ ጥንቱ በግራ ነበር የምትነዳው። ስለዚህ ድልድዩ በተመረቀ ቀን የሁለቱ አገር ባለሥልጣናት መኪኖች ድልድዩ መሐል ግንባር ለግንባር ተፋጠው፣ ማን ለማን እንደሚለቅ እስኪወሰን ፀሐይ ላይ ቆሙ። ጎረቤት ትልቅ ነች፤ ወደቡም የእሷ ይሻላል። ራዲዮው «ወደ ጥንቱ ጎናችን እንመለሳለን» ማለት ጀመረ። አስተማሪዋ ድምፁ የዚያኑ የድሮውን አንባቢ መስሏት ጆሮዋን ጣል አድርጋ አዳመጠች። እሱ አልነበረም፤ የሱ ልጅ ነው።

አሁን አገሩ ወደ ግራ ከተመለሰ ጥቂት ሳምንቱ ነው፤ አስተማሪ የሆነ ሁሉ እንደገና እንዲፈተን ታዟል።

የመጀመሪያው ለውጥ ነበር እሷን አስተማሪ ያደረጋት። ያኔ ወጣት ቲኬት ቆራጭ ነበረች፤ የምትቆርጠውም አሁን ባሏ በሆነው ሾፌር አውቶቡስ ላይ ነው። አገሩ ሁሉ መንዳት ሲጠፋበት እሷ ከማንም በፊት አዲሱን ጎን ለመደች፤ ለመደችና ለሌላው አስተማረች። የራሷ ዘዴ ነበራት። አዲስ ተማሪ መኪና ከመንካቱ በፊት የድስት ክዳን እንደ መሪ ይዞ ግቢው ውስጥ በእግሩ ይነዳል፤ በአፉ ማርሽ ይለውጣል፤ በክንዱ ፍሬቻ ያሳያል። «መኪና ቤንዚን ይጠጣል፤ ክዳን አይጠጣም» ትል ነበር። ሁለት ዳኞችና አንድ የጥርስ ሐኪም ያንን ክዳን ይዘው በልብስ ማስጫው ገመድ ሥር ዞረዋል።

ያው እሑድ ባሏን ደግሞ እቤት አስቀመጠው። አዲሶቹ አውቶቡሶች ለሁሉም መስመር አልበቁም ነበርና እሱ የሚነዳው የድሮውን፣ በሩ በግራ የሆነውን ነው። በቀኝ ጎን ሲነዳ በሩ የሚከፈተው ወደ መንገዱ መሐል ሆነ። ገበያው ፌርማታ ላይ አንድ ሽማግሌ እንደ ሁልጊዜው ጃንጥላቸውን ዘርግተው ወረዱ። አንድ የጭነት መኪና በአጠገባቸው አለፈና ጃንጥላውን ይዞት ሄደ። ሽማግሌው እጀታውን ብቻ ጨብጠው ቆሙ። ምንም አልሆኑም። አውቶቡሱ በሙሉ በሣቅ ፈነዳ፤ ቲኬት ቆራጯም ሣቀች። ሾፌሩ አልሣቀም። ሞተሩን አጠፋ፣ የእጅ ፍሬኑን ሳበ፣ ቁልፉን ለእሷ ሰጣትና በእግሩ ወደ ቤቱ ሄደ።

ከዚያን ቀን ወዲህ መንገድ ላይ ነድቶ አያውቅም።

መንግሥት ግን ነገሩን ሌላ አደረገው። ጠርተው «የእነ መንገድ ናፋቂ ነህ?» አሉት። ዝም አለ። ዝምታውን ጽናት አድርገው አንድ ሌሊት አሳደሩት። ሲፈታ ደግሞ የመንግሥት ተቃዋሚዎች በጓሮ በር እየመጡ እጁን ጨበጡት። ስለ ጃንጥላው የጠየቀው ሰው አልነበረም፤ እሱም አልተናገረም። እያደር ካርታ ሲጫወት «እኔ ጎኔን የምቀይር ሰው አይደለሁም» ማለት ለመደ። አባባሉም አማረበት።

አንዲት ግራጫ መኪና ነበረችው፤ ከእነ መንገድ ሰዎች አንዱ አገሩ ሲገባ ትቶለት የሄደ፣ መሪዋ በቀኝ የሆነ። ቅዳሜ ቅዳሜ ያጥባታል፣ ያስነሳታል፣ ከበሩ እስከ ግንቡ፣ ከግንቡ እስከ በሩ ይነዳታል። ግቢው ውስጥም ቢሆን ግራውን ይዞ ነው የሚሄደው።

ከፈተናው ስትመለስ ከመኪናዋ ሥር ተጋድሞ አገኘችው።

«ወደቅሁ።»

«የት?» አለ ሳይወጣ።

«ፈተና ላይ ነዋ። ሌላ የት እወድቃለሁ?»

«መጥረጊያውን ነካሽ?»

«ማን ነገረህ?»

«በሩ ላይ ቆሜ ሳይ ሰንብቻለሁ። ከተማው ሁሉ በጠራራ ፀሐይ መስተዋት ሲጠርግ ነው የከረመው።»

ጫማውን በጫማዋ ጫፍ ነካ አደረገችው። «ውጣ። አንተ ነህ የምታስተምረኝ።»

ወጣ፤ እጁን በጨርቅ ጠረገ። «እኔ? መንጃ ፈቃዴ ላይ ያለው ፎቶ እኮ ፀጉር አለው።»

የሚገርመው መንጃ ፈቃዱ ይሠራል። አዲሱ ደንብ በእነ መንገድ ዘመን የተሰጠ ፈቃድ ያለ ፈተና ይታደሳል ስለሚል፣ ሠላሳ ዓመት ያልነዳው ሰው ሕጋዊ ሾፌር፣ ሠላሳ ዓመት ያስተማረችው ሴት ጀማሪ ሆነዋል። ይኸው ብቻ አይደለም። ከራዲዮ ጣቢያው ሰው መጥቶ፣ እነ አውቶቡስን አልቀበልም ብለው እቤታቸው የተቀመጡ አባት አሉ ሲባል ሰምተን ነው ብሎ ነበር።

«አባዬ፣ ጀግና ሆነሃል እኮ» አለችው ነርሷ ልጃቸው፣ እራት ላይ።

«ሥራ ይዣለሁ በያቸው።»

«ምን ሥራ?»

«እናትሽን መንዳት ላስተምር ነው።»

ልጅቷ ሁለቱንም ተራ በተራ አየቻቸው። «እኔ የምሠራው ድንገተኛ ክፍል ነው፤ እንዳትረሱ» አለች።

በነጋታው መኪናዋን ለመክፈት እጇን ስትዘረጋ ባሏ ከኩሽና ክዳኑን ይዞ ወጣ።

«ያዢ።»

«አትቀልድ።»

«ሕጉ ያንቺ ነው፣ ቲኬት። ክዳን ያልያዘ መኪና አይነካም።» ቲኬት የሚላት ሁለት ጊዜ ነው፤ ሲወዳትና ሲረታት።

ክዳኑን ይዛ ዞረች። ገመዱን በግራ፣ የውኃ በርሜሉን በቀኝ አድርጋ፣ ማርሹን በግራ እጇ እየሳበች። እሱ ከፊቷ የኋሊት እየሄደ «ግራ፣ ግራ፣ ግራሽን ያዢ» ይላል። ፎቅ ላይ ያለው ልብስ ሰፊ ጎረቤታቸው የስፌት መኪናውን አቁሞ በረንዳው ላይ ተደገፈ።

«እትዬ፣ ፍሬቻ አላሳዩም።»

«አንተ መርፌህን ያዝ።»

«ጋሼ፣ እትዬ ያልፉ ይሆን?»

«ክዳኑን አልፋለች» አለ ሾፌሩ። «ድስቱ ነው የቀረው።»

ከክዳኑ ወደ ግራጫዋ መኪና ተሸጋገሩ፤ ከበሩ እስከ ግንቡ፣ ከግንቡ እስከ በሩ። እጇ በሩን መምታት ተወ። መጥረጊያው አልፎ አልፎ ካልሆነ በቀር አይነሳም። ቀኑ ግን ቀረበ፤ እነሱም ከግቢው አልወጡም። በሩን ክፈት ባለችው ቁጥር አንድ ነገር ይመጣል፤ ጎማው ነፋስ ይፈልጋል፤ ዛሬ ገበያ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ፀሐዩ ዓይን ይወጋል።

«ፈታኙ ግቢያችን መጥቶ አይፈትነኝም» አለችው አንድ ቀን፣ ሞተሩን ሳታጠፋ።

«ነገሩ ያው ነው። ጎኑን ከያዝሽ ሌላው ይመጣል።»

ሞተሩን አጠፋች። ከዚያ «ሽማግሌው እኮ ምንም አልሆኑም» አለች።

የትኛው ሽማግሌ ብሎ አልጠየቀም። በመስኮቱ በኩል ወደ ግንቡ አየ። «ሥቀሽ ነበር።»

«አዎ፣ ሥቄያለሁ። ሁሉም ሥቋል። የሣቅነው እኮ ቆመው ስላየናቸው ነው። ወድቀው ቢሆን ማን ይሥቅ ነበር?»

ልብስ ሰፊው የስፌት መኪናውን ሲረግጥ ይሰማል። ሾፌሩ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሣቁን ድምፅ ሲሰማ፣ ሰዎች የሣቁት ሽማግሌው በመትረፋቸው ደስ ብሏቸው ሊሆን ይችላል ብሎ አስቦት አያውቅም ነበር። በሩን ከፍቶ ወረደና የግቢውን በር ወለል አድርጎ ከፈተው።

አደባባዩ ድረስ ነዳች። አደባባዩ ጋ ስትደርስ እግሯ ፍሬን ላይ ተጣበቀ። ከኋላ ጡሩምባው በአንድ ጊዜ ተነሳ። አንዱ አንገቱን አውጥቶ «እናቴ፣ ወይ ይግቡ ወይ ቤት ይከራዩበት» አላት።

«አልችልም፤ ጭንቅላቴ በዚያ በኩል ነው የሚለኝ» አለች። «ተቀየር።»

ተቀያየሩ። ሾፌሩ መሪውን ያዘ። ልብሱ ላይ እጁን ሁለቴ ጠረገ። ከዚያ ገባ፤ ሰው ወደ ገዛ ቤቱ እንደሚገባ፣ ምንም ሳያስብ፣ በግራ ገብቶ እየዞረ። እሷ ዓይኗን ከእጁ ላይ አላነሳችም። አንዴ ዞረ፤ ሁለተኛም ዞረ፤ ሦስተኛውን ሲጀምር ጠየቀችው።

«ምነው፣ አትወጣም?»

«በየት ልውጣ? ይሄ አደባባይ ራሱ መቼ ነው የተሠራው? ባቡር ጣቢያው የታል?»

«ፈርሷል። ባንክ ነው።»

«ሲኒማውስ?»

«እሱም ባንክ ነው። በሚቀጥለው ውጣ፣ በሚቀጥለው።»

እንዲያ እየሆኑ ዋሉ። እሱ ጎኑን ያውቃል፣ ከተማውን አያውቅም። እሷ ከተማውን እስከ ጉድጓዱ ታውቃለች፣ ጎኑ ይጠፋባታል። ሁለቱ ተደምረው አንድ ደህና ሾፌር ይወጣቸዋል። አደባባዩን መጀመሪያ እሱ እየነዳ፣ ቀጥሎ እሷ እየነዳች፣ መልሰው መላልሰው ዞሩት፤ ጥግ ላይ የቆመው የትራፊክ ፖሊስ በመጨረሻ ሰላምታ መስጠት ጀመረ።

ወደ ቤት ሲመለሱ ዳቦ ቤቱ ጋ አቆመላት። እጇን ወደ በሩ ስትሰድ «ቆይ» አላት።

በስፖኪዮው አየ። ዞሮ ከኋላ አየ። እንደገና በስፖኪዮው አየ።

«የምወርደው እኮ በእግረኛው መንገድ በኩል ነው» አለችው።

«አውቃለሁ። ቆይ።» ሌላ ጊዜ አየ። «አሁን ውረጂ።»

ወረደች። ዳቦውን ስትገዛ በመስኮቱ አየችው፤ አሁንም አንገቱን አዙሮ ባዶውን መንገድ እየተመለከተ ነበር።

በፈተናው ቀን ሾፌሩ ሸሚዙን ተኩሶ ለብሶ ከፈተናው ግቢ ማዶ፣ መንገዱን ተሻግሮ ቆመ። አጠገቧ መቆም አልፈለገም፤ ካየችኝ እኔን ታያለች እንጂ መንገዱን አታይም አለ። ፈታኙ ያው ትሑቱ ልጅ ነው። ወንበሩ ላይ ከተቀመጠ በኋላ ቀበቶውን አሰረና፣ ትንሽ አስቦ፣ ጠበቅ አደረገው።

አስተማሪዋ ሞተሩን ሳታስነሳ እጆቿን አየር ላይ አድርጋ የሌለ ክዳን ወደ ግራና ወደ ቀኝ አዞረች። ፈታኙ አየ፤ አልጠየቀም።

መጀመሪያው መታጠፊያ ላይ መጥረጊያው ተነሳ።

«አቧራ አለበት» አለች፣ ፊቷን ሳታዞር።

ፈታኙ መስተዋቱን አየ። «ትንሽ አለበት» አለ። መጥረጊያውን አጠፋችና ፍሬቻውን አበራች።

አደባባዩ ጋ እግሯ ወደ ፍሬን ሲያዘነብል ተሰማት። የባሏን እጆች አሰበች። ቤት እንደመግባት ነው፣ አለች በልቧ፤ የገባችውም እንደዚያ ነው። የዳቦው መኪና ከፊቷ ሳይሆን ከኋላዋ መጣ፤ ሾፌሩም አውቋት ኖሮ ጡሩምባ ነፋላት። በሁለተኛው መውጫ ወጣች።

«እዚህ ጋ ያቁሙ፣» አለ ፈታኙ፣ «ተሳፋሪ እንደሚያወርዱ አድርገው።»

ጥጓን ይዛ አቆመች። ፈታኙ የበሩን መያዣ ሊስብ እጁን ዘረጋ።

«ቆይ» አለችው።

እጁ እንደተዘረጋ ቀረ። በስፖኪዮው አየች። ዞራ ከኋላ አየች። እንደገና በስፖኪዮው አየች። መንገዱ ላይ ጃንጥላ የያዘ ሰው የለም፣ የጭነት መኪናም የለም።

«አሁን ውረድ።»

ወረደና አንድ ዛፍ ሥር ቆሞ ጻፈ። ሲመለስ እንደ ልማዱ ድምፁን ዝቅ አላደረገም። «መጥረጊያውን ለክረምት ያቆዩት» አለና ወረቀቱን ሰጣት። ሰሌዳው ቦታው ላይ ሊቀር ነው።

መኪናውን ወደ ግቢው መልሳ በእግሯ ስትወጣ ማዶ የቆመውን ሸሚዝ አየች። ወረቀቱን ከፍ አድርጋ አሳየችውና ወደ መንገዱ ገባች። ወደ ግራ አየች፤ ባዶ ነው። እግሯን አነሳች።

«ፍሬን» አለ ከማዶ፣ በሾፌርነቱ ዘመን ከኋላ ወንበር ድረስ ይሰማ በነበረው ድምፁ።

ዕድሜዋን ሙሉ ለሌላው ስትሰጠው የኖረችው ቃል ነው፤ እግሯ ከጆሮዋ ቀድሞ ሰማውና ቆመ። የጭነት መኪናው በቀኝ በኩል መጥቶ በፊቷ አለፈ፤ ነፋሱ የአንገት ልብሷን ወደ ትከሻዋ መለሰው።

ሾፌሩ ወደ እሷ ተሻገረ። ፊቱ ገርጥቷል፤ ግን እንደዚያን ጊዜው ወደ ቤቱ አልሄደም፤ ወደ እሷ ነው የመጣው።

«አለፍሽ?» አላት ትንፋሹ ሲመለስ።

«በመኪናው አልፌያለሁ። በእግሬ ወድቄያለሁ።»

«አየሁሽ።» ክንዷን ያዘ። መጀመሪያ የሣቀችው እሷ ናት፤ ሁለቱም ቆመው ነበርና እሱም ሣቀ።

«እንግዲህ በየት በኩል ነው የማየው?» አለችው፣ ዓይኗን እየጠረገች።

ሾፌሩ አሰበ። ራቅ ብሎ የአዲሱ ድልድይ ምሰሶዎች ይታያሉ፤ ቀረብ ብሎ ፀጉር ቤት የሆነው ሰማያዊ አውቶቡስ አለ፤ ከእግራቸው ሥር አሮጌው አስፋልት።

«በሁለቱም በኩል እይ» አላት። «ቀጥሎ የሚመጣው ምን ይዞልን እንደሚመጣ አይታወቅም።»

ቆሙ። ወደ ቀኝ አዩ፣ ወደ ግራ አዩ፣ እንደገና ወደ ቀኝ አዩ፤ አንድ የአውቶቡስ ሾፌር ትዕግሥቱ አልቆ፣ አቁሞ፣ በእጁ «እለፉ እንጂ» እስኪላቸው ድረስ።